5 ለ 0 እየመራችሁ ሲገለበጥባችሁ፦ ጌሙ አጭበርብሮ ነው ወይስ ፒቸራችሁ (ኳስ ወርዋሪያችሁ) ደክሞ?

«ይሄ ጌም አስቀድሞ የተጻፈ ነው» የሚለው እሮሮ ከቤዝቦል ጌም ጋር አብሮ የተወለደ ነው የሚመስለው። ስድስት ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ሙሉ ተጋጣሚያችሁን አፍናችሁ ትይዛላችሁ። ሰባተኛው ላይ አንድ ደካማ ሂት (መቺውን ቤዝ፣ ማለትም የሩጫው ማረፊያ፣ ላይ የሚያደርስ ምት)፣ አንድ ዎክ (በተበላሹ ውርወራዎች የተነሳ መቺው በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ የሚሄድበት)፣ ከተከላካይ ጓንት ያመለጠች አንድ ኳስ፣ በላዩ ላይ ሆም ራን (ከሜዳ የሚወጣ ምት)። ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። ከዚያማ ማን ይሰማል፤ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው።

አንዳንዴ እውነትም የኮምፒውተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ሁለቱን መለየት ይቻላል። ከለያችሁ በኋላ ጌሙን እውነተኛው ጨዋታ እንዲመስል ማስተካከል፣ ግልበጣው ሲጀምርም ማስቆም ይቻላል። መለኪያዬ አንድ ናት። ጨዋታው ከተገለበጠ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ከቻላችሁ፣ ግልበጣው የምር ነው። የምትቆጥሩት ነገር ከሌለ፣ የውጤት ሰሌዳውን አይቶ ዕጣውን የቀየረ ጌም ይዛችኋል።

መጀመሪያ እውነተኛው ጨዋታ ሲገለበጥ እዩ

የ2024ቱን ወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካው ሜጀር ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ) አምስተኛ ጨዋታ ፈልጋችሁ እዩት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ኒው ዮርክ ያንኪስ በሜዳቸው 5 ለ 0 እየመሩ ነው። ፒቸራቸው ጌሪት ኮል በአራት ኢኒንግ አንድም ሂት አልሰጠም። አምስተኛው ሲጀምር የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ኪኬ ኸርናንዴዝ ሂት መታ። ቀጥሎ ቶሚ ኤድማን የመታት ኳስ ወደ ያንኪሱ ተከላካይ አሮን ጀጅ ሄደች፤ ጀጅ በሌላ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ የሚይዛትን ኳስ ጣላት። ከዚያ ሾርትስቶፑ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ) አንቶኒ ቮልፒ ወደ ሦስተኛ ቤዝ የወረወራት ተበላሸች። ቤዞቹ ሞሉ፤ አንድም አውት የለም (ሦስት ሰው አውት ሆኖ ሲወጣ የቡድኑ የመምታት ተራ ያልቃል)።

ኮል ግን እጅ አልሰጠም። ጋቪን ለክስን በስትራይክአውት (ኳሷን ሳይመታ በሦስት ስትራይክ) መለሰው። ሾሄይ ኦታኒንም እንዲሁ። አንድ አውት ብቻ ቀረ። ሙኪ ቤትስ ወደ አንደኛ ቤዝ የምትንከባለል ደካማ ኳስ መታ። ኮል ሮጦ ቤዙን መሸፈን ነበረበት፤ አልሮጠም። አንድ ነጥብ ገባ። ፍሬዲ ፍሪማን ሁለት ጨመረ። ቴኦስካር ኸርናንዴዝ በደብል (ሁለተኛ ቤዝ በሚያደርስ ምት) ሌላ ሁለት። 5 ለ 5። ዶጀርሶች በመጨረሻ 7 ለ 6 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

ይህ ኢኒንግ ጌም ውስጥ ቢደርስባችሁ ምን ትሉ እንደነበር አስቡት። እኔ በበኩሌ ኮንሶሉን ከግድግዳው ነቅዬ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ሁሉም ነገር ዓይን ፊት ነው የሆነው። የተጣለች ኳስ፣ የተበላሸ ውርወራ፣ ያልተሸፈነ ቤዝ። ኮል በአንድ ኢኒንግ የስድስት አውት ያህል ሥራ ሠርቶ የተቆጠረለት ሦስት ብቻ ነው። አምስቱም ነጥቦች በእሱ ጥፋት አልተቆጠሩም።

ሌላው ነገር ሂሳቡ ነው። ቤዞቹ ባዶ ሆነው አውት ከሌለ፣ አንድ ሜጀር ሊግ ቡድን እስከ ኢኒንጉ መጨረሻ በአማካይ ግማሽ ነጥብ ገደማ ያስገባል። ቤዞቹ ሞልተው አውት ከሌለ ግን ከ2 ይበልጣል። መቺው ያው፣ ፒቸሩ ያው። የተለወጠው ቤዝ ላይ የቆመው ሰው ብዛት ነው። ለዚህ ነው ነጥብ በየኢኒንጉ እኩል ተከፋፍሎ የማይመጣው፦ ከ10 ግማሽ ኢኒንጎች 7ቱ ገደማ በዜሮ ያልፋሉ፣ ከዚያ በአንዱ ጉድ ይፈላል። እንግዲህ ምንም ዓይነት ሞመንተም (የሞቀ ቡድን ግለቱ ይቀጥላል የሚባለው) የሚባል ነገር ያልተጻፈበት ጌም እንኳ፣ ቤዞቹንና አውቶቹን በትክክል እስከቆጠረ ድረስ፣ በራሱ ጊዜ ይገለበጥባችኋል ማለት ነው። ሰው ይህን አይቀበልም። እኔም ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል።

የባልቲሞር ኦሪዮልስ አሰልጣኝ የነበረው ኧርል ዊቨር «ሞመንተም ማለት የነገው ፒቸር ነው» በሚል አባባሉ ይታወቃል። የሚገርመው፣ በ1987 በሱ ስም የወጣ ቤዝቦል ጌምም አለ። ጌም ሠሪዎች እሱን ብቻ ቢሰሙ ኖሮ ግማሹ እሮሮ ባልነበረ።

ጌሞቹ ግልበጣውን ከየት ያመጡታል?

አንድ ዓይነት አይደሉም። የያዛችሁት ጌም የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ የተሳሳተ ነገር ስታስተካክሉ ትውላላችሁ።

ሱፐር ሜጋ ቤዝቦል ምንም አይደብቅም። እያንዳንዱ ተጫዋች ሞጆ የሚባል መለኪያ አለው። ሲሳካለት ይወጣል፣ ሲበላሽበት ይወርዳል፤ ጨዋታው ውጥረት ላይ ሲደርስ ደግሞ ተጽዕኖው ይብሳል። ገጸ ባሕርያቱ ካርቱን መሳይ ስለሆኑ አያስከፋም። ማን እንደተርበተበተ ታያላችሁ፣ አይታችሁ ትወስናላችሁ። ግልጽ እስከሆነ ድረስ እኔ ቅሬታ የለኝም።

የኮናሚው ፓወርፉል ፕሮ ቤዝቦል፣ ከ1994 ጀምሮ ያለው፣ የተጫዋቹን የዕለት አቋም በትንሽ ፊት ያሳያል። ፊቱ ፈገግ ካለ ቀኑ ነው፣ ከጠቆረ አይደለም። ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር የሚበረታ ወይም የሚፈርስ ተጫዋችም በችሎታው ዝርዝር ላይ ይጻፍለታል። ይህ ከግልበጣ ይልቅ የቀን አቋም ነው። ቢሆንም ግልበጣው ሲመጣ ማን ላይ እንደሚመጣ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ኤምኤልቢ ዘ ሾው ላይ ነው። እዚያ ዋናው ነገር ያለው ፒቸሩ ላይ ነው፦ ጉልበቱና በራስ መተማመኑ። ሂት ሲሰጥ መተማመኑ ይወርዳል፣ ስትራይክአውት ሲያገኝ ይወጣል። ሁለቱ ሲወርዱ የምታነጣጥሩበት ቦታና ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ይራራቃሉ። ታች ጥግ ያላችኋት ኳስ ወገብ ላይ ትመጣለች። በተጨማሪም እያንዳንዱ የውርወራ ዓይነት የራሱ መተማመን አለው፤ ከርቭቦላችሁ (የምትጠመዘዘው ኳስ) ተበልቶ ፋስትቦላችሁ (ፈጣኗ ኳስ) ደህና ሊሆን ይችላል። ይህን የማያይ ሰው ድንገት የተገለበጠበት ይመስለዋል። ድንገት አይደለም። ሁለት ኢኒንግ ሙሉ መለኪያው ሲወርድ ነበር፣ አላየውም እንጂ።

በ2019ኙ እትም የመጣው ማርች ቱ ኦክቶበር የሚባለው የጨዋታ ዓይነት ግን ለየት ይላል። እዚያ ሞመንተም በስሙ ተጠርቶ ነው ያለው። ወሳኝ ቅጽበቶችን ካሸነፋችሁ ቡድናችሁ ይሞቃል፣ እናንተ የማትጫወቷቸውን ጨዋታዎችም ያሸንፋል። ወቅቱን በጥቂት ሰዓት ለመጨረስ የተሠራ ስለሆነ ይገባኛል። ግን ከሱ ወጥታችሁ ሙሉ ጨዋታ ስትጀምሩ ያንን ስሜት ይዛችሁ አትሂዱ።

ጌሙን ፈትኑት

ወረቀት አውጡ፣ ስልክም ይሆናል። ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥብ የገባበትን ኢኒንግ በሙሉ መዝግቡ። የገባባችሁን ብቻ አይደለም፤ እናንተ ያስገባችሁበትንም። ይህቺን ሁሉም ይዘላታል። እኛ ስንገለብጥ ችሎታ፣ ስንገለበጥ ማጭበርበር።

ለእያንዳንዱ ኢኒንግ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ ስንት እንደነበር፣ ፒቸሩ ስንት ኳስ እንደወረወረና ጉልበቱ ምን ያህል እንደቀረ፣ የተመታችው ኳስ የት ተነጣጥራ የት እንዳረፈች ጻፉ። ድጋሚውን ከፍታችሁ እዩ፤ ከትዝታ አትጻፉ፣ ትዝታ ይዋሻል። አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሰባተኛ፣ 5 ለ 0፣ 94 ኳስ፣ ጉልበት ሩብ፣ ፋስትቦል ታች በውጭ በኩል ብዬ መሃል ላይ አረፈ፣ ሆም ራን።» ይህን መስመር ጽፋችሁ «ጌሙ ሸወደኝ» ማለት ይከብዳችኋል። 94 ኳስ የወረወረ፣ ጉልበቱ ሩብ የቀረ ሰው ምን ይሁን?

በተቃራኒው «ስድስተኛ፣ 6 ለ 1፣ ገና የገባ ፒቸር፣ ጉልበት ሙሉ፣ ሦስቱም ኳስ ያልኩት ቦታ አረፉ፣ ሦስቱም ሂት» የሚል መስመር ከተደጋገመና የሚደጋገመውም እናንተ በብዙ ስትመሩ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ ነገር አለ። አንድ ሁለቴ ቢሆን ምንም አይደለም። እውነተኛ ቤዝቦል ላይም ጥሩ ኳስ ይመታል። በርከት ያሉ ኢኒንጎች ሰብስቡ፣ ከዚያ እየመራችሁ የገባባችሁንና እኩል ሆናችሁ የገባባችሁን አስተያዩ። ልዩነት ከሌለ ጌሙ ንጹህ ነው፤ ወደ ራሳችሁ ዙሩ።

ከመፈተናችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጥፉ። እንደ አጨዋወታችሁ የክብደት ደረጃውን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አማራጭ አለ፣ ዘ ሾው ላይ ዳይናሚክ ዲፊካልቲ ይሉታል። ጥሩ ስትሆኑ ደረጃው ይወጣል፣ ስትወድቁ ይወርዳል። ለጀማሪ ግሩም ነገር ነው። ግን እሱን አብርቶ «ስመራ ጌሙ ይከብድብኛል» ማለት አይሆንም። ራሳችሁ ናችሁ ያዘዛችሁት።

ቅንብሩን ማስተካከል

የጨዋታው ርዝመት ከሁሉም ይቀድማል። በ3 ኢኒንግ ጨዋታ ፒቸር አይደክምም፣ ቡልፔን (ተቀያሪ ፒቸሮች የሚሞቁበት ቦታ) ትርጉም የለውም፣ ግልበጣ ማለት አንድ ሆም ራን ነው። ለመዝናናት ጥሩ ነው፤ እውነተኛ ስሜት ግን አትጠብቁበት። 9 ኢኒንግ ተጫወቱ። ጊዜ ከሌላችሁ መሃል ላይ አስቀምጡትና ነገ ቀጥሉ።

ክዊክ ካውንትስ የሚባለውንም አጥፉት። መቺው ገና ሲገባ ቦል (ከሚመታበት ክልል የወጣ ውርወራ) እና ስትራይክ አስቀድሞ ተቆጥሮ የሚጀምርበት ማለት ነው። ጨዋታውን ያሳጥራል፣ ግን ግልበጣን ግልበጣ የሚያደርገውን ነገር ይበላዋል፦ ያንን መቺው ኳስ በኳስ እየታገለ፣ ከመስመር ውጭ እየመታ፣ ፒቸሩን ስምንትና ዘጠኝ ኳስ የሚያስወረውርበትን ትግል። ፒቸር የሚፈርሰው በሆም ራኑ አይደለም። ከሆም ራኑ በፊት በነበሩት ሁለት ረጃጅም ትግሎች ነው።

ከዚያ ወደ ስላይደሮቹ (ጌሙ ቅንብር ውስጥ ከፍ ዝቅ የምታደርጓቸው መለኪያዎች) ኑ። አንድ በአንድ ንኩ፤ አምስቱን በአንዴ ከነካካችሁ የትኛው ምን እንዳመጣ አታውቁም። መጀመሪያ የስታርተሮች (ጨዋታውን የሚጀምሩት ፒቸሮች) ጉልበት። በዛሬው ሜጀር ሊግ ስታርተር በአማካይ ከ5 ኢኒንግ እምብዛም አይዘልም። እናንተ ጋ ሁሉም ስታርተር ስምንተኛው ድረስ ትኩስ ሆኖ ከሄደ ጉልበቱን ቀንሱ። በአራተኛው ላይ የሚሞት ከሆነ ጨምሩ። ይህ አንድ ስላይደር ብቻ የግልበጣውን ጊዜ ወደ ትክክለኛው ቦታ፣ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው፣ ያመጣዋል።

ኮምፒውተሩ ፒቸሩን የሚቀይርበትን ፍጥነት የሚወስን ስላይደርም አለ። ይሄ የተረሳ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ የደከመ ፒቸሩን ቶሎ ካላወጣ፣ እናንተ በየጨዋታው ትገለብጣላችሁ፤ ጀግና ይመስላችኋል እንጂ የገለበጣችሁት እጁ የዛለ ሰው ነው። ትንሽ ፈጠን አድርጉት።

የስህተት ስላይደሮችን ሰው ዜሮ ያደርጋቸዋል፤ ያናድዳሉና። አታድርጉ። በሜጀር ሊግ አንድ ቡድን በሁለት ጨዋታ አንድ ስህተት ገደማ ይሠራል። ወደዚያ አቅርቡት። ስህተት የሌለበት ቤዝቦል እንደ ጀጅና ቮልፒ ያለ ኢኒንግ የማይፈጠርበት ቤዝቦል ነው። ከዚያ በተረፈ ሂት በዝቶ ነጥብ ከጎረፈ የፒቸር ቁጥጥርን ወይም የመቺውን የጊዜ ትክክለኛነት በአንድ ደረጃ ብቻ ንኩ። ብዙ አትድከሙበት።

ግልበጣው ሲጀምር

አሁን ወደሚያቃጥለው ነገር። ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ነው፣ መለኪያው ቀይ ነው፣ ልባችሁ ይመታል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፦ ይቸኩላል። ኳሶቹን እየደራረበ ይወረውራል፣ ሁሉም ፋስትቦል፣ ሁሉም ስትራይክ ዞኑ (መቺው ሊመታት የሚገባ ኳስ የምታልፍበት ክልል) ውስጥ። ጌሙ ያወረደው መተማመን አስር በመቶ ቢሆን፣ ቀሪውን ያወረዱት እናንተ ናችሁ (አስር በመቶውን ለወግ ነው ያልኩት፣ ቁጥሩን አትያዙት)።

በመጀመሪያ ፍጥነቱን ግደሉት። ፒቸሩ የሚቆምበት ጉብታ ላይ ሄዶ እሱን ማነጋገር ይቻላል። በእውነተኛው ሊግ ከ2024 ጀምሮ በአንድ ጨዋታ 4 ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ስለዚህ በሁለተኛው ኢኒንግ ለማይረባ ነገር አታባክኑት። ፒቸሩን ትንሽ ያረጋጋዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቡልፔን ውስጥ ያለው ሰው እንዲሞቅ ጊዜ ይሰጣችኋል። ለእናንተም ትንፋሽ ነው።

ቀጥሎ የመጀመሪያዋን ኳስ ከዞኑ ውጪ ጣሉ። ኮምፒውተሩም ሆነ ሰው፣ የተርበተበተ ፒቸር ሲያይ የመጀመሪያዋን ኳስ ይጠብቃል። ቼንጅአፕ (ፈጣን መስላ የምትዘገይ ኳስ) ታች፣ ከጉልበት በታች። ከመታትም መሬት ለመሬት ትሄዳለች፤ አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ካለ ሁለት አውት በአንዴ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንድ እንደዚህ ያለ ኳስ ሃያ ኳስ ያተርፍላችኋል።

መተማመኑ የወደቀውን የውርወራ ዓይነት ደግሞ በዚህ ሰዓት ለማስመለስ አትሞክሩ። እሱ በሁለተኛው ኢኒንግ፣ ቤዙ ባዶ ሆኖ፣ ለስምንተኛና ዘጠነኛ መቺ የሚሠራ ሥራ ነው። ደካማ መቺ ሲመጣ ከርቭቦሉን አሠሩት፤ ኋላ ሲቸግራችሁ ይደርስላችኋል።

ፒቸሩን መቼ ማውጣት የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፣ ባለሙያዎቹም ይጣሉበታል። በ2020 ወርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ የታምፓ ቤይ ሬይስ አሰልጣኝ ኬቨን ካሽ፣ 1 ለ 0 እየመራ፣ ብሌክ ስኔልን በ73 ኳስ አስወጣው። ስኔል 9 ሰው በስትራይክአውት መልሶ የሰጠው 2 ሂት ብቻ ነበር። የፈራው መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥሙት መሆኑን ነው፤ እውነትም መቺ አንድን ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየው ይሻለዋል። ተቀያሪው እንደገባ ቤትስ ደብል መታው፣ ዶጀርሶች 3 ለ 1 አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ። ካሽ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ጌም ላይ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ኳሱ ያልኩት ቦታ እያረፈ ነው ወይ? ተቀያሪው ሞቋል ወይ? ኳሱ ከሸሸና ተቀያሪው ከሞቀ፣ ወዲያው። ኳሱ ያልኩበት እያረፈ ከሆነ ቁጥሩ 100 ቢደርስም እተወዋለሁ።

ተቀያሪውን ስታስገቡ አንድ ደንብ አትርሱ። ከ2020 ጀምሮ የገባ ፒቸር ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም ግማሽ ኢኒንጉን መጨረስ አለበት። ደንቡ የበራበት ጌም ላይ ያልሞቀ ሰው በድንጋጤ ካስገባችሁ፣ ሦስት ሰው እስኪገጥም አብራችሁ ትቃጠላላችሁ።

ኦንላይን ላይ

ኦንላይን ስላይደር የለም፣ የሁለታችሁም ቅንብር አንድ ነው። እዚህ ግልበጣው የሚመጣው ከወዲያ ካለው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይማራል። አምስተኛው ኢኒንግ ድረስ በሁለት ስትራይክ ላይ ሁሌ ከርቭቦል ታች ከጣላችሁ፣ ስድስተኛው ላይ ይተዋታል፣ ቀጥላ የምትመጣዋን ፋስትቦል ይጠብቅላችኋል። ሰውዬው ጌሙን አልጠለፈም፤ አጥንቷችኋል።

ስለዚህ ለሦስተኛው ዙር (መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ) አንድ ያላሳያችሁት ነገር አስቀምጡ። አራት ዓይነት ውርወራ ያለው ፒቸር ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ዙር ሦስቱን ብቻ ተጠቀሙ። አምስተኛው ኢኒንግ ሲጀምር፣ ምንም ችግር ባይኖርም፣ ቡልፔን ውስጥ አንድ ሰው አስነሡና ማሞቅ ጀምሩ። ችግሩ ከጀመረ በኋላ የተነሳ ተቀያሪ ሲደርስ ቤዞቹ ሞልተው ነው የሚያገኛቸው።